ማረስ ያቆመ ገበሬ ከሕዝብ ገንዘብ ይከፈለው?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ማሳውን ሳያርስ የሚዘራ ገበሬ አፈሩን ከመሸርሸር ስለሚያድንና ካርቦን በመሬት ውስጥ ስለሚያስቀር ድጎማ ይገባዋል የሚል ሐሳብ በየአገሩ ይነሣል፤ መክፈል የጀመሩም አሉ። ይገባዋል ወይስ አይገባውም? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ። ስድብ የሚጽፍ ይሰረዛል።

ማሳ ጠባቂ፦ ያለ ጥርጥር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ታላላቅ ሜዳዎች የሆነውን አስታውሱ። ሣሩ ተገልብጦ ለዓመታት የታረሰው መሬት ድርቅ ሲመታው አፈሩ ከነፋስ ጋር ሄደ፤ አቧራው ዋሽንግተን ድረስ ደርሶ ነበር። በብራዚል ፓራና ደግሞ ኸርበርት ባርትዝ የተባለ ገበሬ ዝናብ ማሳውን እያጠበ ሲወስድበት እ.ኤ.አ. በ1972 አኩሪ አተሩን ሳያርስ ዘራ። ዛሬ በዚያች አገር በዚህ ዘዴ የሚለማው መሬት በብዙ ሚሊዮን ሄክታር ይቆጠራል።

ላላመነ ቀላል ፈተና አለ። ከሚታረስ ማሳና ለዓመታት ካልታረሰ ማሳ አንድ አንድ ደረቅ ጓል አንሡ፤ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። የታረሰው ብዙም ሳይቆይ እየተፈረፈረ ይናዳል፣ ውኃውም ይደፈርሳል። ያልታረሰው ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ የፈንገስ ድርና ከሥር የሚወጣው ሙጫ አያይዘውታልና። በዝናብ ጊዜ ማሳው ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ጠርጣራው፦ ብርጭቆው ደስ ይላል፤ ጎተራ ግን አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ63 አገሮች በ48 ሰብሎች ላይ የተሠሩ 610 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመዝን፣ ሳይታረስ የተዘራው በአማካይ 5.7 በመቶ ያነሰ ምርት ሰጥቷል። ምርት የሚቀንስ ዘዴ ላይ የግብር ከፋይ ገንዘብ ይጨመርበት ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ማሳ ጠባቂ፦ ወዳጄ፣ ግማሹን አንብበው ግማሹን ትተውታል። ያው ጥናት ገለባው ማሳው ላይ ሲቀርና ሰብል ሲፈራረቅ ቅናሹ እንደሚጠብ፣ በዝናብ ብቻ በሚለማ ደረቅ አካባቢም ምርቱ እንዲያውም እንደሚጨምር ይናገራል። ማረሱን ብቻ ትቶ ሁለቱን ያላደረገ ሰው ቢከስር ጥፋቱን ወደ ዘዴው ማላከክ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

የአፈር ምርመራ ሠራተኛ፦ እኔ ከሁለታችሁም አልስማማም፤ ያ ቅናሽ ከየት እንደሚመጣ ማንም አላነሣም። የስንዴ ገለባ ከ1 እጅ ናይትሮጅን ጋር 80 እጅ ያህል ካርቦን አለው። ገለባውን የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕዋሳት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ በዚህም ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጫ ይሆናል። ቀዝቃዛና ውኃ የሚቋጥር መሬት ከሆነ ሽፋኑ አፈሩ ቶሎ እንዳይሞቅ ስለሚያደርግ ብቅለቱም ይዘገያል። ሌላም አለ። ማረሻ በአንድ ጥልቀት ሲመላለስ ከሥሩ ደንዳና ንጣፍ ይሠራል። በአካፋ ቆፍራችሁ ብታዩ ሥሩ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፎ ታገኙታላችሁ። ያን ንጣፍ ሳይሰብር ማረስ ያቆመ ሰው ችግሩን እንዳለ ይዞት ይቀጥላል።

የካርቦኑ ነገር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ናሙናው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲወሰድ ያልታረሰው ማሳ ብዙ ካርቦን ያከማቸ ይመስላል፤ ጠለቅ ተብሎ ሲቆፈር ግን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይጠባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ማረሻ ገለባውን ወደ ታች ስለሚቀብረው ካርቦኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው የተለያየው። እንግዲህ በካርቦን ስም መክፈል ለቦታ ለውጥ መክፈል ሊሆን ይችላል።

አረም ያስቸገረው፦ ስለ ፀረ አረም እስካሁን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም፤ ይገርመኛል! የብዙ ሰፋፊ እርሻዎች ማረሻ ግላይፎሴት በተባለ ፀረ አረም ኬሚካል ነው የተተካው። እ.ኤ.አ. በ1974 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1996 ኬሚካሉን የተቋቋመ አረም በአውስትራሊያ ተመዘገበ፤ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ከሚላቸው ተርታ መደበው። የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች በዚህ አልተስማሙም፤ እሱን ክርክር እዚህ አንጨርሰውም። ከአውስትራሊያውያን ግን የምንማረው ነገር አለ፦ መድኃኒት የማይበግረው አረም ሲያስጨንቃቸው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ማሳውን ይገለብጡና ወደ ቀድሞው ዘዴያቸው ይመለሳሉ። ድጎማው «ማረሻ ያልነካ» ለሚለው ብቻ ከሆነ እንዲህ ያለው ገበሬ ትክክለኛውን ነገር ስላደረገ ይቀጣል፤ ዓመት ሙሉ መርዝ የሚረጨው ደግሞ ይሸለማል።

ከብት አርቢ፦ ሁላችሁም ገለባውን ማሳው ላይ ተዉት ትላላችሁ። ከብቶቼን አየር አበላቸው?

ማሳ ጠባቂ፦ ስለ ካርቦኑ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ስለ መሸርሸሩ ግን ማንም መልስ አልሰጠም። ታዲያ ክፍያውን ከማረሻው እናላቅቀው። ማሳን በገለባ ለመሸፈንና ሰብል ለማፈራረቅ ይከፈል። ሽፋን በዓይን ይታያል፣ በሳተላይት ምስልም ይገመታል፤ የዕቀባ እርሻ፣ ማለትም አፈርን የሚጠብቅ አስተራረስ፣ መለኪያ የሆነው 30 በመቶ የማሳ ሽፋን አለ። በዚህ መንገድ በብዙ ዓመት አንዴ ያረሰም አይቀጣም።

ጠርጣራው፦ ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብ ይሻላል፤ ያም ሆኖ አንድ ቀዳዳ አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማሳውን ሲሸፍን የኖረው ምን ያገኛል? «አዲስ ለጀመረ ብቻ» ከተባለ ብልጡ ዘንድሮ አርሶ ለከርሞ ማረስ አቆምኩ ይላል።

የአፈር ምርመራ ሠራተኛ፦ ስለዚህ ክፍያው ማሳው ዛሬ ባለበት ሁኔታ ይለካ፤ መቼ እንደ ተጀመረ አይጠየቅ። ወጪው ከፍ ይላል፤ ለማጭበርበር ግን አይመችም።

ከብት አርቢ፦ ሠላሳ በመቶው የሚለካው መቼ ነው? ከአጨዳ በኋላ ወይስ ከዘር በኋላ?

የአፈር ምርመራ ሠራተኛ፦ ልክ እንደ ተዘራ።

ከብት አርቢ፦ እንዲያ ከሆነ ከአጨዳ እስከ ዘር ባለው ጊዜ ከትርፉ ለከብቶቼ ይደርሳቸዋል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ተስማምቻለሁ። ግን እኔ የማርሰው በኪራይ መሬት ነው። ገንዘቡ ለባለ መሬቱ ነው ወይስ ለእኔ?