ጥቆማ፦ ጅማ ላይ አስቤዛ ያለ ፌስታል የት ይገዛል?

የጊንጆዋ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ጥቆማ ፈልጌ ነው። ቤታችን የሚገባው ፌስታል አስመርሮኛል። ሽንኩርቱ በፌስታል፣ ቲማቲሙ በፌስታል፣ ዳቦው በፌስታል፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ የሚይዝ ሌላ ትልቅ ፌስታል። ዕቃውን ካወጣሁ በኋላ ሁሉም ቆሻሻ ነው። ሰፈራችን ያለው ቦይ ክረምት በመጣ ቁጥር በእሱ ይደፈንና ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል። ጎርፉ የጠረገው ደግሞ ወደ አወቱ ወንዝ ይወርዳል።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታል ማምረትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እኔ ግን ቅጣት ፈርቼ ሳይሆን ከልቤ ልተወው ፈልጌ ነው።

የራሴን ዕቃ ይዤ ብሄድ ፊት ሳይነሱኝ የሚሰፍሩልኝ የት ናቸው? ቅቤ፣ ማር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ እንጀራ። ሂርማታ ገበያ ይሻላል፣ የሰፈር ሱቅ ወይስ ሱፐርማርኬት? በዋጋም በጥራትም አነጻጽሩልኝ እስቲ።

የአጂፕ ልጅ፦
ሌላ ቦታ አትድከሚ እህቴ። አጂፕ አካባቢ የኔ ደንበኛ አለች። ቅቤ ከሷ፣ በርበሬ ከሷ፣ ሽሮ ከሷ። እናቴም ከሷ ነው የምትገዛው። በውስጥ መስመር አናግሪኝ፣ እጠቁምሻለሁ።

የጊንጆዋ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። በራስ ዕቃ ትሰፍራለች?

የአጂፕ ልጅ፦
እሱን ጠይቄያት አላውቅም። ግን ቅቤዋ ወደር የለውም።

ሊሙ ቡና፦
ቡናን ረሳሽው እኮ! ጅማ ተቀምጦ የታሸገ የተቆላ ቡና ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ሰው ሳይ ያንገበግበኛል። ጥሬውን ግዢና ቤት ቁይ። የሊሙን፣ የጎማን፣ የማናን አካባቢ ቡና እየለየ የሚሸጥልሽ ነጋዴ አለ። ጥሬ ቡና ደግሞ ፌስታል ውስጥ መታፈን የለበትም። ትንሽ እርጥበት ካለው ይሻግታል። ጆንያ ወይም የጨርቅ ከረጢት ነው የሚስማማው። ከተቆላ በኋላ ግን ተቃራኒው ነው፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ዕቃ ይፈልጋል።

የመንደራ እናት፦
ልጄ፣ ሂርማታ ሐሙስ ቀን ሂጂ። ከገጠር ቅቤ ይዘው የሚገቡት ሴቶች ድሮም ፌስታል አያውቁም ነበር። በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ነው የሚያመጡት። ቅጠሉ ቅቤውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሲጣልም መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። አሁንም በኮባ የሚያመጡ አሉ። ችግሩ ገበያተኛው ነው። በኮባ የመጣውን ቅቤ «ፌስታል አድርጊልኝ» ብሎ የሚያስጨንቃቸው እሱ ነው። አንቺ ክዳን ያለው ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። ደስ ብሏቸው ይሰጡሻል። ዋጋውም ከሱቅ ይሻላል፣ መከራከር ካወቅሽ።

ቦሳ ቂጦ፦
ቅቤ ላይ ተጠንቀቁ! እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለፋሲካ ቅቤ ገዛሁ። ከላይ ሲታይ ለጋ፣ ሽታው ጥሩ፣ መልኩ ጥሩ። ሻጯም «እኔ ነኝ የናጥኩት» አለችኝ። ቤት ወስጄ ላነጥር ድስት ላይ ጣድኩት። አረፋው ወጣ፣ ከዚያ ማማሰያው ከታች ያዘኝ። ሳማስለው ሊጥ የመሰለ ነገር ድስቱ ላይ ተጣብቋል። አንጥሬ ስጨርስ የወጣልኝ ከገዛሁት ግማሹን አይሞላም። የቀረው ሙዝ ይሁን ድንች እግዜር ይወቀው። የበዓል ወጥ በዚያ ተሠራ። እንግዳ ፊት አፈርኩ። ተመልሼ ብሄድ ሴትየዋ ቦታዋ ላይ የለችም። ከዚያ ወዲህ ከማላውቀው ሰው ቅቤ መግዛት እርም ብያለሁ።

ኮቺ ነኝ፦
በእኛም ደርሷል! ቤተሰብ ተጣልቶበታል።

ጅሬን ልጅ፦
በርበሬውስ? ገል ፈጭተው ይቀላቅሉበታል ይባል የለ። ዛላውን ገዝቶ አስፈጭቶ መብላት ነው እንጂ።

ኮቺ ነኝ፦
ዛላው ራሱ ተወዷል። ስንቱ ነው አስፈጭቶ የሚችለው?

የአጂፕ ልጅ፦
ለዚህ እኮ ነው ደንበኛ ያዙ የምላችሁ። የኔዋ እንዲህ አይነት ነገር ፈጽሞ አታደርግም።

ፈረንጅ አራዳ፦
ወንድም፣ ለሴትየዋ ሐውልት እናቁምላት እንዴ? ጥያቄው ስለ ፌስታል ነው። «በራስ ዕቃ ትሰፍራለች ወይ» ስትባል «ጠይቄ አላውቅም» አልክ። እንዲህ ከሆነ ቅቤዋ ጥሩ መሆኑንስ በምን አወቅህ? በእናትህ ምስክርነት?

የአጂፕ ልጅ፦
አዎ፣ በእናቴ ምስክርነት። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?

ሰጦ ላይ፦
አትጣሉ እባካችሁ። ቦሳ ቂጦ፣ በጣም ያሳዝናል። በበዓል ሰሞን ይሄ ነገር ይብሳል። ምግብ ላይ የተማርኩትን ያህል ላካፍላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ቅምሻ ጠይቁና ቤት ወስዳችሁ በትንሽ ብረት ድስት፣ በለሰለሰ እሳት አቅልጡት። ንጹሕ ቅቤ ሲቀልጥ ከላይ አረፋ ይይዛል፣ መሃሉ ጥርት ይላል፣ ከታች ትንሽ ዝቃጭ ይቀራል። ሙዝ ወይም ድንች የገባበት ከሆነ ዝቃጩ ይበዛል፣ ይወፍራል፣ ድስቱን ይይዛል። ድንች የጠረጠራችሁ እንደሆነ ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን አንድ ጠብታ ዝቃጩ ላይ ጣሉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች፣ ማለትም ድንች ውስጥ ያለው ዱቄት መሰል ነገር፣ አለበት ማለት ነው። የሞከራችሁበትን ግን ድፉት፣ አይበላም። በደንብ የበሰለ ሙዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ በዚህ ላይያዝ ይችላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የሚረጋ የአትክልት ዘይት ሲቀላቀልበት ነው። እሱ እንደ ቅቤ ጥርት ብሎ ስለሚቀልጥ በድስት አይለይም፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ስለዚህ የአጂፕ ልጅ ያለው ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም። የምታውቁትና ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚገኝ ሻጭ መያዝ ዋጋ አለው። ሲያጭበረብር ተመልሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ጅሬን ልጅ፦
ማሩስ? ንጹሕነቱን ለማወቅ ክብሪት ማሩ ውስጥ ነክሮ መለኮስ ይሠራል?

ሰጦ ላይ፦
አያስተማምንም። ውሃ ውስጥ መጣሉም እንደዚያው ነው፣ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም እንደ ማር ይሰምጣል። «ረግቷል፣ ስኳር ነው» የሚሉትም ልክ አይደለም። ንጹሕ ማርም በተፈጥሮው ይረጋል። መልኩም ቢሆን አበባው ነው የሚወስነው። የገተም አበባ ማር ነጣ ይላል፣ የብሳናው ጠቆር ይላል። «ነጭ ስለሆነ ንጹሕ ነው» ብለው የሚያስከፍሏችሁን አትስሙ።

የጊንጆዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተምሬያለሁ። ግን ስለ ዕቃው የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሱቅ ሄጄ ሽሮ በጣሳዬ ስጡኝ ስል «ቀድሞ ተመዝኖ ተቋጥሯል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

ባለ ሱቅ ነኝ፦
ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ እህቴ። ሽሮና በርበሬ ሩብ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ እያልን ቀድመን የምንቋጥረው ማታ ሰው ሲበዛ ለመመዘን ጊዜ ስለማናገኝ ነው። ፌስታሉን በነጻ የምናገኘው ይመስላችኋል? በገንዘባችን ነው የምንገዛው። ባይኖር ደስታውን አልችለውም። ነገር ግን «ፌስታል የለም» ያልኩት ደንበኛ ፊቱን አጥቁሮ ጎረቤት ሱቅ ይገባል። አንድ እንቁላል ገዝቶ ፌስታል የሚጠይቅ አለ እኮ!

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ረፋድ ላይ ነይ። ከማዳበሪያው በቀጥታ እዘግንልሻለሁ። ባዶ ዕቃሽን መጀመሪያ ሚዛን ላይ አስቀምጪ። ክብደቱን ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፊው፣ ሁለተኛ አያጨቃጭቀንም። ብዙ ጊዜ ጠቡ እዚህ ጋ ነው። ገዢ «የዕቃውን ክብደት አስከፈልከኝ» ይላል፣ ሻጭ «ቀንሻለሁ» ይላል። ዕቃሽ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። እርጥብ ዕቃ ውስጥ የሰፈርኩት ሽሮ ቢበላሽ ወቀሳው ለኔ ነው።

የጊንጆዋ፦
ተባረክ! ይሄን ነበር የፈለግኩት።

ኮቺ ነኝ፦
እኔ እነዚያን በየሱቁ የሚሸጡ የጨርቅ ፌስታሎች ይዣለሁ። ታጥበው ድጋሚ ያገለግላሉ።

ሰጦ ላይ፦
ጥሩ ነው፣ ደጋግመሽ ከተጠቀምሽበት። ነገር ግን ብዙዎቹ ጨርቅ አይደሉም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ጨርቅ አስመስለው የሠሩት። ፀሐይ ሲመታው ይበጣጠስና እንደ ብናኝ ይረግፋል። ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት ይበልጠዋል። ዘንቢል ደግሞ ለሽንኩርትና ለድንች የሚተካው የለም።

የመንደራ እናት፦
እንጀራውን ማንም አልነገራት። ልጄ፣ ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ ቶሎ ይሻግታል። ሰፌድና ንጹሕ ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ። ጋጋሪዋ ራሷ ትመርቅሻለች። ትኩስ ሽሮና ፉል በፌስታል አስቋጥረው የሚሄዱ ልጆችን ሳይ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ያ ሁሉ ትኩስ ዘይት ስስ ላስቲክ ውስጥ! ለእናቶቻቸው ንገሩልኝ፣ ሳህን ይስጧቸው።

ፈረንጅ አራዳ፦
እናታችን ልክ ናቸው። እኔም ቁም ነገር ልጨምር። ስስ ፌስታል ላይ ሕግ ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ለማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ ይላል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ? ቀጭኑ ፌስታል በየጉልቱ እንደተንጠለጠለ ነው። አዲሱም ብቻውን አይሠራም። አወቱ የያዘውን ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ቦዬ ዳር ከብት ሲግጥ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከሣሩ ጋር ላስቲክ ያኝካል። ሆዱ ውስጥ የገባ ላስቲክ አይፈጭም፣ ከብቱን ይገድለዋል። ሃይላንዱንስ ቆራሌው ይሰበስበዋል። ፌስታል ግን ስለማያወጣለት አያነሳውም።

ቦሳ ቂጦ፦
ይሄ ሁሉ ጥሩ። ግን የቅቤ ሻጮቹን ማነው የሚቆጣጠራቸው?

ጅሬን ልጅ፦
ጫትም እኮ ድሮ በኮባ ነበር የሚጠቀለለው። አሁን ፌስታሉ በዛ።

የአጂፕ ልጅ፦
ሰዎች፣ ደንበኛዬን ጠየቅኳት! «ዕቃ ይዘው ይምጡ፣ ኧረ እኔም ፌስታል ሰልችቶኛል» አለች። ነግሬያችሁ ነበር።

ፈረንጅ አራዳ፦
በርታ ወንድሜ። ይሄን ነበር መጀመሪያ የምትነግረን።

ሊሙ ቡና፦
ጊንጆዋ፣ ቡናውን አትርሺ። ከረጢት ካጣሽ እኔ ጋ ትርፍ ጆንያ አለ።

የጊንጆዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ነገ ክዳን ያላቸውን ዕቃዎች ላሰባስብ። እመለሳለሁ።

ቦሳ ቂጦ፦
ከማን ልትገዢ ነው ቅቤውን? ሂርማታ ወይስ አጂፕ?

ኮቺ ነኝ፦
እኔም እጠብቃለሁ፣ ንገሪን።

የመንደራ እናት፦
ሐሙስ የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ድረሱ። በኮባ የሚመጣው ቅቤ ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ቦሳ ቂጦ፦
እትዬ፣ እርስዎ የሚገዙባት ሴት የት ጋ ነው የምትቀመጠው? ከእርስዎ ጋር ብሄድ ደስ ይለኛል።

የመንደራ እናት፦
ነይ ልጄ፣ አብረን እንሄዳለን። ድስትሽን ሳይሆን ዕቃሽን ያዢ፣ ቅምሻውን እኔ ቤት እናቀልጠዋለን።