አርቪ 7 ወይስ 7ኤ? የጭራ ጎማ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ባለጋራዡ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ በረራ በአማርኛ የሚያወራ ሰው መኖሩን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል። ሚስቴ ደግሞ ከእኔ በላይ ደስ ብሏታል፤ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሪቬት (የአውሮፕላን ብረት ማያያዣ ሚስማር) የማወራው ለእናንተ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግል ፓይለት ፈቃዴን ያወጣሁት በሴስና 172 ነው። እስከ ዛሬ 140 ሰዓት በርሬያለሁ፤ ሁሉም በአፍንጫ ጎማ። ከዚያ አንድ ጡረተኛ ጀምሮ የተወውን የአርቪ 7 ኪት (ሰው ቤቱ በራሱ እጅ የሚገጣጥማት ትንሽ አውሮፕላን) በርካሽ አገኘሁ። ጭራው አልቆ ነበር። ክንፎቹን እኔ ጨረስኳቸው፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ማታ ማታ ሆስፒታል ውስጥ የጥገና ሥራ ነው የምሠራው። ስለዚህ ሪቬት የምመታው ጠዋት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ነው። ጎረቤቴ እስካሁን አልከሰሰኝም።

እስካሁን የሠራሁት ለሁለቱም ዓይነት ይሆናል። አሁን ግን ፊውዝላጁን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን ዋና አካል፣ ማዘዝ አለብኝ፣ ቅጹም ምረጥ ይለኛል። 7 ከሆነ ትንሿ ጎማ ጭራው ሥር ናት፣ 7ኤ ከሆነ አፍንጫው ሥር። ከታዘዘ በኋላ ሐሳብ መቀየር ቀላል አይደለም። በ7 ላይ የዋናዎቹ ጎማዎች እግር የሚሰካው ሞተሩን በያዘው ብረት ላይ ነው። በ7ኤ ላይ ግን እግሮቹ ወደ ኋላ ሄደው ከፊውዝላጁ ጋር ይታሰራሉ፣ ሞተሩን በያዘው ብረት ላይ የሚሰካው የአፍንጫው እግር ይሆናል።

ልቤ ያለው 7 ላይ ነው። ምክንያቱን ካልደበቅኳችሁ፣ ቆንጆ ስለሆነች ነው። ችግሩ የጭራ ጎማ አብርሬ አላውቅም። የምበርበት ሜዳ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ስጠይቃቸው ምንም አልተናገሩም። የቡና ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወደፊት ገፋ አደረጉና በድንገት አዞሩት። ቡናው ፈሰሰ። እሳቸው ሳቁ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ኢንሹራንሱስ? እናንተ ብትሆኑ የቱን ታዙ ነበር?

ቀጥ በል (ዳላስ)

7ኤ እዘዝና ተገላገል። በፍጥነት ከተባለ የጭራ ጎማው ቢበልጥ በሰዓት አንድ ሁለት ማይል ነው። ለሁለት ማይል ብለህ ክንፍህን አስፋልት ላይ ልትፍቅ ነው? ቆንጆ መኪና ካማረህ ግዛ፤ አውሮፕላን ግን በሰላም የሚመልስህ ይሁን።

የሳሯ (ዴላዌር)

ወንድሜ፣ ከላይ የተባለው ስህተት የለውም። ግን ያልሞከሩትን ነገር ቅጽ ላይ መምረጥ አይሆንም። ሁለቱንም ስለማበር የእኔን ልንገርህ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚዞር ይግባህ፤ እኔ ከገባኝ በኋላ ነው ፍርሃቴ የቀነሰው። የመርካቶን የእጅ ጋሪ አስብ። ጭነቱ ከጎማው ፊት ከሆነና አንተ ስትጎትተው፣ ጋሪው ራሱ እየተቃና ይከተልሃል። ጭነቱ ከጎማው ኋላ ሆኖ ብትገፋው ግን ትንሽ ዘወር ያለ እንደሆነ ጭነቱ ቀድሞህ መሄድ ይፈልጋል። የአፍንጫ ጎማ አውሮፕላን ላይ የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ነው፤ ጠማማ ብታርፍም ራሱን ያቃናል። የጭራ ጎማው ላይ ማዕከሉ ከኋላ ነው። ጠማማነቱን ካላረምክለት ይብስበታል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጭራው ፊት ይሆናል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይኼን ነው። የሽማግሌው ስኒም ይኸው ነው።

እኔ የተማርኩት ሲታብሪያ በምትባል ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ስድስተኛው ሰዓት ላይ አስተማሪዬ "ፔዳሉን አትጫኚው፣ አጫውቺው" ሲለኝ ትዝ ያለኝ የአባቴ እግር የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ነው። ትንሽ፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ። ጨርቁ ሲጣመም እግሩ ከዓይኑ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ቀለለኝ።

አሁን ጥፋቴን ላውራ። ፈቃዱን ካገኘሁ ከአራት ወር በኋላ ነው። ከግራ 9 ኖት (በሰዓት 10 ማይል ገደማ) የጎን ንፋስ ነበረ። በሦስቱም ጎማ እኩል አረፍኩ፤ እንደዚያ ያማረ ማረፍ አላውቅም። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄደ፣ ሰው በእግሩ ሮጦ የሚደርስበት ያህል ሆነ። አለቀ ብዬ እጄን ወደ ሬዲዮ ሰደድኩ። እግሬም ከእጄ ጋር አረፈ። አፍንጫዋ ወደ ንፋሱ መዞር ስትጀምር ቁልፉ ላይ ያለውን ቁጥር እያነበብኩ ነበር። ቀና ስል ከፊቴ ያለው ማኮብኮቢያው ሳይሆን የሃንጋሮቹ መስመር ነው። የቀኝ ክንፍ ጫፍ መሬት ነካ። እኔ ምንም አልሆንኩም። አውሮፕላኗ ግን ሦስት ሳምንት ቆመች፤ ገንዘቡንም ከመጥራት ልቆጠብ። ከዚያ ወዲህ አቁሜ ሞተር እስክዘጋ ድረስ ሬዲዮ አልነካም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሕጉ የሰዓት ቁጥር አይጠይቅም። ከአስተማሪ ጋር መደበኛውንና የጎን ንፋሱን መነሳትና ማረፍ፣ በዋናዎቹ ጎማዎች ብቻ ማረፍን፣ ሳያርፉ መልሶ መነሳትንም ትሠራለህ። ችሎታህን ሲያምንበት መዝገብህ ላይ ይፈርማል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 15 ቀን 1991 በፊት በጭራ ጎማ በኃላፊነት የበረረ ሰው ፊርማው አያስፈልገውም፤ አንተን ግን አይመለከትህም። ኢንሹራንስ የራሱ ቁጥር አለው። እኔን 10 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር ጠይቆኛል፤ ልምድ ለሌለው ሰው ዋጋውም ከፍ ይላል።

አንድ ያልጠየቅከው ነገር ደግሞ አለ። አርቪህ ስታልቅ መጀመሪያ የሙከራ ሰዓት አለባት፣ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ 25 ወይም 40 ሰዓት። በዚያ ጊዜ ተሳፋሪ አይጫንም። 7ን ከመረጥክ ገና ያልተሞከረች አውሮፕላን ይዘህ፣ ገና ባልለመድከው ጎማ ልታርፍ ነው። ሁለቱ አዲስ ነገር በአንድ ቀን አይገናኝ። ጭራውን በሌላ አውሮፕላን ቀድመህ ተማር።

እና የእኔ ጥያቄ ይኼ ነው፦ በዓመት ስንት ሰዓት ትበራለህ? ሰው ስለ ንፋስና ስለ ውበት ይከራከራል። የጭራ ጎማ ግን የሚቀጣው ዝገትን ነው። በየሳምንቱ ለሚበር ሰው ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ወር ከርሞ ለሚመጣ ግን ክፉ ነው።

ለማንኛውም አንድ ቅዳሜ ማሴ ና። እዚያው ሜሪላንድ ናት፣ ከቼሳፒክ ቤይ (ባሕረ ሰላጤው) ማዶ። 3,000 ጫማ የሳር ሜዳ አላት። ሳር ይቅር ባይ ነው፤ ጎማው ትንሽ ሸርተት ብሎ ያልፍሃል፣ አስፋልት ግን አንቆ ይይዝሃል። ደግሞ እዚያ ያለው የአውሮፕላን ሙዚየም ደጅ የቆመች ዲሲ 3፣ የድሮዋ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ አለችልህ።

የድሮ መካኒክ (አትላንታ)

ዲሲ 3 የሚል ቃል ባላይ ኖሮ ዝም ብዬ አልፍ ነበር።

ልጆች፣ እኔ በ60ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ዲሲ 3 ሥር ተኝቼ ነው ያደግኩት። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በሲ 47 ነው፤ የዲሲ 3 ወታደር ወንድም ማለት ነው። ባለ ጭራ ጎማ። መንገደኛው ከኋላ በር ገብቶ ወንበሩ ጋ ለመድረስ ዳገት ይወጣ ነበር። እናቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ የወንበር ጀርባ እየያዙ ሲወጡ ዛሬም ይታየኛል። የጭቃና የሳር ሜዳ ነበር የሚያርፉበት፤ ፕሮፔለሩ ከመሬት የራቀ ስለሆነ ይመቻቸዋል። ጥንት የጭራ ጎማ ለምን በዛ ብትል አንዱ መልስ ይኼ ነው፤ ሜዳው ሜዳ እንጂ መንገድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ የተሠራችው አውሮፕላን ፀሐይ፣ በ2024 ከኢጣሊያ የተመለሰችልን፣ እሷም ጭራዋን መሬት አስነክታ ነው የምትቆመው።

ዲሲ 3 ላይ የጭራውን ጎማ የሚቆልፍ መቆጣጠሪያ አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ አለ። ለመነሳትና ለማረፍ ቀጥ አድርገው ይቆልፉታል፣ ለመዞር ይፈቱታል። መፍታቱን ረስቶ በጉልበት ያዞረ ሰው ካለ ማታ እኛ ጋ ይመጣል። ያን ትልቅ ነገር የለመዱት ካፒቴኖች እንኳ እግራቸው ሥራ የሚፈታው ሞተር ከጠፋ በኋላ ነበር። እህቴ ስለ ሬዲዮ ያለችው ልክ ነው።

አንተ ባለጋራዡ፣ 7ኤን ብትመርጥም እንደ ሴስናህ አትያት። 172 ላይ የአፍንጫውን ጎማ በፔዳል ታዞረዋለህ። 7ኤ ላይ ጎማው ልቅ ነው፤ የምትዞረው በአንድ ጎን ፍሬን ነው። እግሩም ቀጭን ነው። ስታርፍ ስቲኩን (የመሪውን ዘንግ) ወደ ኋላ ስበህ አፍንጫውን እስከቻልክ አየር ላይ አቆየው፤ ሻካራ ሳር ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ። ለሁለቱም እግር ያስፈልጋል።

ባለጋራዡ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎን ጽሑፍ ለሚስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እናቷ ጎንደር ለመሄድ በዲሲ 3 ተሳፍረው "ተራራ ላይ አስቀመጡኝ" ይሉ እንደነበር ነገረችኝ። ውሸት ይመስለን ነበር።

የሳሯ፣ ለጥያቄሽ መልስ፦ መዝገቤን ቆጠርኩ። ባለፈው ዓመት 34 ሰዓት። ጥር እና የካቲት ዜሮ።

የሳሯ

34 ሰዓት፣ ያውም ሁለት ዜሮ ወር። እንግዲህ መልሱን አንተው ጻፍከው። ግን ና፣ ሞክር።

ባለጋራዡ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሄድኩ። አራት ሰዓት ተማርኩ። ሰውነቴ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

መጀመሪያ ታክሲ ስናደርግ፣ ማለትም መሬት ላይ ስንነዳት፣ ከፊቴ ያለው ሁሉ ሞተር ነው። ግራ ቀኝ እየተጠማዘዝን፣ በጎን መስኮት እያየን ሄድን። እንደ ሰካራም። ከዚያ ለመነሳት ጋዝ ሰጠሁ፤ አስተማሪው ስቲኩን ወደፊት ግፋ አለኝ፣ ጭራው ተነሳ፣ ወዲያውኑ አፍንጫዋ ወደ ግራ ሄደች። ሲያስጠነቅቀኝ ነበር፤ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ከላይ ወደፊት ሲገፋ ምላሹ በጎን በኩል ይወጣል ብሎ የብስክሌት ጎማ አስይዞ አሳይቶኝ ነበር። ግን እጄ ያወቀውን እግሬ አልሰማም። ሳሩ ላይ ግማሽ እባብ ሠርተን ተነሳን።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ አንድ ጥሩ አረፍኩ። ስቲኩ ሆዴ ውስጥ ነው፤ ክንፉ መሸከም አቃተው፣ ሦስቱም ጎማ አንድ ላይ ነኩ፣ ሳሩ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ። ሳቅኩ። አስተማሪው አልሳቀም፤ ከኋላ ወንበር "እግር! እግር! እግር!" ይላል። ገና እየሮጥን ነው ለካ።

ስመለስ ዲሲዋን ዞሬ አየኋት። ጋሼ፣ ከጭራው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ፎቶ ተነሳሁ። እልክልዎታለሁ።

ትናንት ቅጹን ሞላሁ። 7ኤ። ሚስቴ "ቆንጆዋስ?" አለችኝ። ቆንጆዋ በየሳምንቱ የምትጎበኝ ናት፣ እኔ ደግሞ የማታ ሠራተኛ ነኝ አልኳት። በብርዱ ወቅት ለሁለት ወር አውሮፕላን የማይነካ ሰው መጋቢት ላይ በጎን ንፋስ ጭራ ይዞ መምጣት የለበትም። ይኼን ስወስን ትንሽ ከፋኝ፤ አልዋሽም። ግን ትምህርቱን አላቋርጥም፤ ፊርማውን እስካገኝ በወር አንድ ቅዳሜ ከቤይ ማዶ ነኝ። በሴስናዬ ባለፈው እሁድ ሳርፍ ደግሞ እግሬ ሳልጠራው ሥራ ጀመረ። በቀኝ ወንበር የተቀመጠው ጓደኛዬ "ምን ሆነሃል፣ ትጨፍራለህ እንዴ?" አለኝ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የፊውዝላጁ ሳጥን ሲመጣ ጋራዡ ውስጥ ክንፎቹን የት አደረጋችኋቸው? እኔ ግድግዳው ላይ ልሰቅላቸው ነው፤ ሚስቴ ግን መኪናዋን እየተመለከተች ነው።

የሳሯ

እንኳን ደስ ያለህ። ክንፎቹን አፍንጫቸውን ወደ ታች አድርገህ ምንጣፍ በተነጠፈበት የእንጨት ማቆሚያ ላይ አቁማቸው፤ ባለ ጎማ ማቆሚያ ከሆነ መኪናዋም ትገባለች። መጋቢት ላይ ስትመጣ ንገረኝ። ሬዲዮውን ግን አትንካ።