ከኮልፖስኮፒ በፊት ስለሚታዘዝ መድኃኒት ምክር እሻለሁ
ዕድሜዬ 58 ሲሆን የወር አበባዬ ከቆመ 7 ዓመት አልፎታል። በማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ የሕዋስ ለውጥ በመገኘቱ በኮልፖስኮፒ (የማኅፀን በርን በማጉያ መሣሪያ በሚያሳይ ምርመራ) ብታይም፣ ሐኪሟ የተለወጡ ሕዋሳትን ነጭ አድርጎ የሚያሳየውን አሴቲክ አሲድ ቀብታ ደጋግማ ከተመለከተች በኋላ፣ ሁለቱ የማኅፀን በር የሕዋስ ዓይነቶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ወደ ማኅፀን በር ውስጠኛው ቦይ በመግባቱ ሙሉ በሙሉ ሊታያት እንዳልቻለ ነገረችኝ። ሕመሙንስ ችዬዋለሁ፤ ያለ ውጤት መመለሴ ነው የከፋኝ። አሁን መጋጠሚያው በድጋሚ ምርመራ እንዲታይ፣ ለጥቂት ሳምንታት በብልት ውስጥ የሚደረግ የኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክሬም እንድጠቀም፣ ካልሆነም ከምርመራው ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብዬ የማኅፀን በርን የሚያለሰልሰውን ሚሶፕሮስቶል የተባለ መድኃኒት እንድወስድ አማራጭ ቀርቦልኛል። ሚሶፕሮስቶል ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያስከትል እንደሚችል ተነግሮኛል፤ ክሬሙን የምፈራው ግን ቀደም ሲል ለጡት ካንሰር ታክሜ ስለነበር ነው፤ ይህንንም በድንጋጤ ለሐኪሟ ሳልነግራት ወጣሁ። ሙያው ያላችሁ ወይም በዚህ ያለፋችሁ፣ ክሬሙን ከመጀመሬ በፊት ሐኪሟን ምን ምን ልጠይቃት? መጋጠሚያው ዳግመኛ ባይታይስ ቀጣዩ ምርመራ ምንድን ነው?