«ለአሜሪካ ትርፍራፊውን ነው የሚልኩልን» እስከ መቼ?

ሜሮን ዘዲሲ፦ ትናንት አንዷ «ኮሪያኖች ለአሜሪካ ትርፍራፊውን ነው የሚልኩልን፣ ሰንስክሪኑን (የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን) ለውጠውታል» ብላ ለጠፈች፣ ሰዉም አጨበጨበላት። ኧረ በናታችሁ! ያስለወጣቸው የአሜሪካ ሕግ ነው። ኮሪያ ሰንስክሪንን ኮስሜቲክስ ትለዋለች፤ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ግን መድኃኒት ነው ብሎ ከ1990ዎቹ ማብቂያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ለሁሉም አምራች የሚሆን አንድም አዲስ የጨረር ማጣሪያ ሳያጸድቅ ኖረ።

ሊሊ፦ «አንዷ» እኔ ነኝ፣ ስም አለኝ። ሕጉም ያምጣው ኮሪያኖቹም ያምጡት፣ እኔ እጅ የሚገባው ትርፍራፊው ነው። ቢዩቲ ኦፍ ጆሶን የሚባለው የኮሪያ ብራንድ የሩዙ ሰንስክሪን፣ ሴኡል የሚሸጠው፣ ዩቪኑል ኤ ፕላስና ቲኖሶርብ ኤም የሚባሉ ማጣሪያዎች አሉት። እዚህ ተቀራራቢ ስም ተለጥፎበት ማጣሪያው ሌላ ነው። ዚንክ የሚባለው ነጭ ማጣሪያ ያለበትን ስቀባ ደግሞ ፊቴ ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ይመስላል። ለጠይም ቆዳ ማን አስቦ!

ዘሪሁን፦ ትርፍራፊ ከሆነ ሙሉ ዋጋ ምን አስከፈለሽ?

ሊሊ፦ አንተ ሰንስክሪን ተቀብተህ ታውቃለህ?

ባለ ፋርማሲው፦ እህቴ፣ እዚህ የሚገባው ማጣሪያ፣ አቮቤንዞን፣ ትርፍራፊ አይባልም። ዩቪኤን (ቆዳን የሚያስረጀውን የፀሐይ ጨረር) በደንብ ይከላከላል። ጉዳቱ ፀሐይ ላይ ቶሎ መበላሸቱ ነው፣ ለዚህም ኦክቶክራይሊን የሚባል ማረጋጊያ ይጨመርበታል። ኮሪያ የተሠራ ሁሉ ደግሞ ጽድቅ አይደለም። ፑሪቶ የሚባለውን የኮሪያ ብራንድ ረሳችሁት? ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ) 50+ ተብሎ የተሸጠው ሰንስክሪኑ በ2020 ሲመረመር 19 አካባቢ ወጣ።

ሊሊ፦ የፑሪቶ ጥፋት የአንድ ኩባንያ ነው። እኔ የምለው ስለ ማጣሪያ ነው። «ቶሎ ይበላሻል» ያልከው ራስህ ነህ፣ ታዲያ ትርፍራፊ አይደለም?

ባለ ፋርማሲው፦ ማረጋጊያ ይጨመርበታል አልኩ እኮ። ግማሹን ብቻ ነው እንዴ የምታነቢው?

ሜሮን ዘዲሲ፦ ትርፍራፊ ማለት ከሌላ የተረፈ ነው። ይሄ ግን ለዚህ ገበያ ተብሎ እንደ አዲስ የተቀመመ ነው፣ ብር ወጥቶበት።

ሊሊ፦ ብር ወጥቶበት የባሰ ከሆነማ ጉድ ነው። ፒኤ++++ የሚለው የዩቪኤ መከላከያ ደረጃም ከካርቶኑ ጠፍቶ «ብሮድ ስፔክትረም» (ሰፊ መከላከያ) ብቻ ቀርቷል።

ሳሮን ዱባይ፦ የኮሪያውን የምትፈልጉ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ፣ ኢንቦክስ።

ዘሪሁን፦ ይኸው! ክርክሩ ለዚህ ነበር የተከፈተው።

ሳሮን ዱባይ፦ ወንድሜ፣ ባትገዛ ዝም በል።

ባለ ፋርማሲው፦ ሳሮን፣ ሻንጣ ውስጥ ሙቀት የመታውን ሰንስክሪን ለሰው ልጅ ልትሸጪ?

ሊሊ፦ እኔ ሁለት ያዢልኝ።