ኢሚካርዱ ላይ የልደት ዘመኑ ተሳስቷል፤ በአውስትራሊያው የ16 ዓመት ሕግ አካውንቱ ተዘጋ፤ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦ ምዕራብ ሜልበርን
ሰላም ለሁላችሁ። በሱዳን በኩል በስደት የመጣ ቤተሰብ ነው። ልጁ ጎንደር ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ተወለደ፤ ኢሚካርዱ (የአውስትራሊያ መንግሥት ለስደተኞች የሚሰጠው መታወቂያ) ላይ ግን 21/11/2010 ይላል። ቲክቶኩም ስናፕቻቱም ተዘግቶበታል። እናቱ ቅጣት እንዳይመጣባት ፈርታለች። ጎንደር ያለችውን አያቱን በዋትሳፕ ማናገርስ ይችላል?

መዝገብ ቤት
እናቱን አረጋጓት። በልጅም በወላጅም ላይ ቅጣት የለም። ሕጉ የሚይዘው የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹን ነው፤ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 (10/12/2025) ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አካውንት እንዳይዙ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰዱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣሉ። ዋትሳፕና ሜሴንጀር ሕጉ ውስጥ አልገቡም፤ አያቱን እንደ ልቡ ያናግር። ዩቲዩብ ገብቷል፤ ቢሆንም ያለ አካውንት ማየት አልተከለከለም። ታናናሾች ካሉ ግን ልብ በሉ፤ ልጅ ከአካውንቱ ሲወጣ ወላጅ አካውንቱ ላይ ያበጀው ገደብም አብሮ ይቀራል። ለእነሱ ዩቲዩብ ኪድስ ይሻላል።

ባሕረ ሐሳብ
ስህተቱ የመጣው የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ከሚደመረው ቁጥር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። በዘመነ ዮሐንስ ድንበሩ ታኅሣሥ 21 ይሆናል። ስለዚህ ኅዳር 12 ቀን 2002 ማለት 21/11/2009 ነው። መዝጋቢው 8 ደመረበት። ልጁ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት 16 ዓመት ከ19 ቀን ሆኖት ነበር፤ በወረቀቱ ከሄደ ግን እስከ 21/11/2026 ሊጠብቅ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የኢትዮጵያውን ዓመት ሳይቀይሩ እንዳለ መጻፍ ነው። ያኔ የ12 ዓመት ልጅ በወረቀት 19 ይሆንና ሕጉ የወጣለት ልጅ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ወላጆች ይህንንም ያርሙ፤ ለአካውንቱ ስለሚመች ብሎ ዝም ማለት ልጁን መጉዳት ነው።

ለማረም ፎርም 424ሲ ተሞልቶ ለሆም አፌርስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) ይገባል። ከስደቱ በፊት የተሰጠ ወረቀት ይበልጥ ይከብዳል፤ የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ። ትርጉሙ በናቲ (ለተርጓሚዎች ዕውቅና የሚሰጠው የአውስትራሊያ ድርጅት) ዕውቅና ባለው ተርጓሚ ይሁን፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። «ዓ.ም.» የምትለዋ ከትርጉሙ ከወደቀች ያው ስህተት ይደገማል። ቋሚ ቪዛ ያገኙ ስደተኞች በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት እስከ 10 ሰነድ በነፃ ማስተርጎም ይችላሉ።

ጠያቂ፦ ምዕራብ ሜልበርን
የክርስትና ካርዱ አለ። ግን «ታኅሣሥ 21 ቀን 2002 ተጠመቀ» ነው የሚለው፤ የልደቱ ቀን አልተጻፈም።

ባሕረ ሐሳብ
ይጠቅማል እንጂ! ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው። ልደቱን እንደ አንድ ቀን ይዘው ከኅዳር 12 ቢቆጥሩ 40ኛው ቀን ልክ ታኅሣሥ 21 ላይ ይውላል። ይህን በአጭር ደብዳቤ አብራርተው ያያይዙት፤ መርማሪው ይህን ሥርዓት ላያውቀው ይችላል።

ማጣሪያ
ኢሚካርዱ ሳይታረም ለቲክቶክ አትላኩት፤ የተሳሳተውን ዕድሜ በራሳችሁ እጅ ማጽደቅ ይሆናል። ኩባንያው የመንግሥት መታወቂያ ብቻ ካላመጣህ ማለት አይችልም፤ ሌላ አማራጭ ማቅረብ በሕጉ ግዴታው ነው። ብዙውን ጊዜ አማራጩ የፊት ግምት ነው፤ ፊትን በካሜራ አይቶ ዕድሜን መገመት ማለት ነው። እሱም እንከን አለው፤ የአውስትራሊያ መንግሥት ያስጠናው ሙከራ ነጭ ባልሆኑ ሰዎችና 16 ዓመት አካባቢ ባሉ ወጣቶች ላይ ትክክለኛነቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልጁ በቀን ብርሃን፣ ወደ መስኮት ዞሮ፣ ያለ ኮፍያና ያለ ፊልተር ይሞክር። ካልሆነ ሙከራውን ከመደጋገም ይግባኝ የሚለውን ተጭኖ ሰው እንዲያየው ይጠይቅ። የድሮ ቪዲዮዎቹንና ፎቶዎቹን የማውረድ ምርጫ ከተሰጠው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

ኢሚካርዱ ሲታረም ደግሞ ሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ ቢሮው)፣ ሜዲኬር (የመንግሥት ጤና መድኑ) እና ትምህርት ቤቱ በራሳቸው አያውቁም፤ ለየብቻ ማሳወቅ አለባችሁ። እንግሊዝኛ ካስቸገረ 131 450 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል።