ቁጥሬ ከ1708 አልነቃነቅ አለኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብዬ የማስተርስ ጽሑፌ ላይ ሦስት ቀን ተቸክያለሁ። ከታች የሚሞቅ ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ነው፤ ሞዴሉ ኦልድሮይድ-ቢ (እየፈሰሰ እንደ ላስቲክም የሚለጠጥ ፈሳሽ ቀመር)፣ ወለልና ጣሪያው ጠጣር። ፈሳሹን እንደ ተልባ አስቡት፤ ማንኪያ ሲወጣ ክር ይስባል። ለተራ ውሃ ወሳኙ የሬይሊ ቁጥር (ፈሳሹ በሙቀቱ መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ልክ) 1708 ገደማ፣ የሞገድ ቁጥሩ (የፍሰቱ ጥቅልሎች ጥግግት) 3.117 ወጣልኝ፤ እሰየው። የሪላክሴሽን ጊዜውን (ፈሳሹ ከተለጠጠ በኋላ ለመርገብ የሚፈጅበትን) ግን ብጨምርም ብቀንስም ያው 1708!

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ በሻማ ስጽፍ ነው የገባኝ፦ የትንሿን መናወጥ የእድገት መጠን ዜሮ ሳደርገው የጊዜ ለውጡ ይጠፋል፣ የመለጠጡ ነገርም አብሮ። እየተወዛወዘ የሚነሳው ፍሰት ግን ከ1708 በታችም ሊጀምር ይችላል። እሱን ፍለጋ የእድገት መጠኑን ምናባዊ ክፍል (የመወዛወዙን ድግግሞሽ) ስጨምር፣ ኮዴ የቼቢሼቭ ነጥቦችን (ንጣፉን ለስሌት የምከፋፍልባቸውን) ቁጥር በቀየርኩ ቁጥር ቦታ የሚቀይሩ የውሸት ሥሮች ይተፋብኛል። እውነተኛውን የሥር ጥንድ በምን ትለዩታላችሁ? ድግግሞሹንስ ከየትኛው ግምት ልነሳ?