ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ኮስት ሼሪንግ ከየት ልጀምር?

ሶሊ_ሲቪል፦
ሰላም ቤተሰብ። በ2014 ዓ.ም ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ኮንትራክተር ጋ እየሠራሁ ነው። ለማስተርስ ጣሊያን ላመለክት ስል ሬጅስትራር «ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ሳትጨርሺ ኦፊሻል አይላክም» አለኝ። እጄ ላይ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ቅጂ) ነው። ዕዳው 24,000 ብር፣ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። ከየት ልጀምር?

ደረሰኝ_ያዥ፦
እህቴ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ፋይናንስ ጀምሪ። በደንቡ አሠሪሽ ከደመወዝሽ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ማስገባት አለበት። በአንቺ ሒሳብ በወር 1,200 ብር፣ 20 ወር ይወስዳል። እስካሁን ሲቆረጥ ከነበረ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ኮፒ የየወሩን ለቅመሽ ውሰጂ። ፔሮል ላይ ተቀናሹን ስላየሽ ብቻ ተከፍሏል ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ተቆርጦ ያልገባ ወይም በሌላ ሰው ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የገባ ብር ገቢዎች ፋይል ውስጥ አይገኝም።

ጨርሶ ካልተቆረጠ በአንድ ጊዜ ክፈዪው። ከዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ ዕዳሽን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ፣ ከቲንና ከመታወቂያሽ ጋር ገቢዎች ይዘሽ ሂጂ፣ ከፍለሽ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለብሽ የሚገልጽ ደብዳቤ) ተቀበዪ። ክሊራንሱ ለዩኒቨርሲቲው ተብሎ ይጻፍልሽ፤ የመታወቂያ ቁጥርሽም ይኑርበት።

ነን_ካፌ፦
ከመክፈልሽ በፊት ዕዳውን አጣሪ። የሚሰላው ከትምህርት ወጪው 15 በመቶ፣ ከምግብና ከዶርም ደግሞ ሙሉው ነው። ቤተሰብ ጋ እየኖርሽ ምግብም ዶርምም ያልወሰድሽበት ዓመት ካለ ያ ሒሳብ ሊገባብሽ አይገባም። የምግቡን በጥሬ ብር ከወሰድሽ ግን ይቆጠራል። በየዓመቱ የፈረምሽበትን ውል አንድ በአንድ አስተያዪው። ዊዝድሮው አድርጎ (ትምህርት አቋርጦ) የተመለሰ ሰው በተለይ ይህን ባይዘለው ይሻላል።

መምህር_ነኝ፦
አስተማሪ የሆናችሁ ዕዳው በአገልግሎት ስለሚተካ፣ የምትይዙት የክፍያ ደረሰኝ ሳይሆን የአገልግሎት ዘመናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው።

ሚላኖ_ያለው፦
ሶሊ፣ ዴድላይንሽ ከቀረበ ክሊራንሱን አትጠብቂ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒውን ይቀበላሉ፤ ኦፊሻሉን የሚፈልጉት ተቀባይነት ካገኘሽ በኋላ ነው። የፕሮግራሙን መስፈርት አንብቢ። ኦፊሻሉ በኢሜይል የሚላክ ከሆነ በኢዲዩ ዶት ኢቲ ከሚያልቅ አድራሻ ይሁን፤ ሬጅስትራር በግል ጂሜይል የላከውን አድሚሽን ቢሮ ሊጥለው ይችላል።

ሌላው ስም ነው። ፓስፖርትሽ ላይ «ሰሎሜ» በአንድ ኤል፣ ቴምፖሽ ላይ በሁለት ኤል ከተጻፈ፣ ሁለቱም አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ያዢ። ትራንስክሪፕቱ ታትሞ ከታሸገ በኋላ ከማስተካከል አሁኑኑ ይሻላል።

ሶሊ_ሲቪል፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አፖስቲል (ሰነድ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚሰጥ ማረጋገጫ) ያስፈልገኛል? ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል።

ሚላኖ_ያለው፦
ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት አባል ስላልሆነች ከዚህ የሚያወጣልሽ የለም። የእኛ መንገድ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ኤምባሲው ነው፤ ቅደም ተከተሉን ከዘለልሽ ወደ ኋላ ይመልሱሻል። ለጣሊያን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከኤምባሲ የሚወጣውን ዲኪያራዚዮኔ ዲ ቫሎሬ (የዲግሪሽን ደረጃ የሚገልጽ ሰነድ) ወይስ የቺሜአን (የጣሊያን የዲግሪ ዕውቅና ማዕከል) ማረጋገጫ እንደሚቀበል ቀድመሽ ጠይቂ፤ ሁለቱንም ማውጣት ትርፍ ወጪ ነው።

ደረሰኝ_ያዥ፦
ኦርጅናሉን ስትቀበዪ ደግሞ ላሚኔት አታስደርጊው። የማረጋገጫው ማኅተም የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው።